ያለፈው፣ የአሁኑ፣ እስከ ዛሬ

በግንባታ የክፍያ ጥያቄ ላይ ሦስት ዓምዶች ጎን ለጎን ይቆማሉ። የመጀመሪያው ባለፉት ክፍያዎች የተያዘውን የሥራ መጠን ይይዛል። ሁለተኛው በዚህ ጊዜ የተጨመረውን ያሳያል። ሦስተኛው ሁለቱን ደምሮ እስከ ዛሬ የተሠራውን ይናገራል። ሳይት ላይ «ፕሪቪየስ፣ ከረንት፣ ቱ ዴት» ይባላሉ። በሜትር፣ በካሬ ወይም በሜትር ኩብ ተለክቶ የሚከፈል ሥራ፣ የትምህርት ቤት መሠረትም ይሁን የውሃ መሥመር ቦይ፣ በእነዚህ ዓምዶች በኩል ያልፋል። ወረቀቱ እጁ የገባ ሰው ግን ዓይኑ ቶሎ የሚወርደው ከገጹ ግርጌ ወዳለው የብር ድምር ነው።

እኔ ዓምዶቹ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ፤ በተለይም ከቁጥሮቻቸው አንዱ ሲለወጥ የሚሆነውን ማየት። ይህ ለውጥ ለብዙ ዘመን በእርሳስና በላጲስ፣ ቀጥሎም በኤክሴል ሲደረግ ኖሯል። አሁን አሁን ደግሞ በግንባታ አስተዳደር ሶፍትዌር፣ ከዚያም አልፎ አንዱ ሶፍትዌር ሌላውን በሚያዝዝበት ኤፒአይ በሚባለው በር በኩል መደረግ ይዟል። በአንድ መሥመር ትእዛዝ የአንድ ንዑስ ተቋራጭ ሒሳብ ይታረማል። ማንም ድምፅ አይሰማም፤ ወረቀትም አይገለጥም።

ይህን ለማሰብ ጋምቤላን የመረጥሁት በሥራውና በመዝገቡ መካከል ያለው ርቀት እዚያ ጎልቶ ስለሚታይ ነው። ከአዲስ አበባ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ከጎሬና ከቡሬ ደጋ ወደ ቆላው ተወርዶ፣ ባሮ ወንዝ ዳር የሚደረስባት ከተማ ናት። ከጋምቤላ ወደ ኢታንግ፣ ወደ ላሬና ወደ ጂካዎ ሲኬድ አገሩ ሜዳ ነው፤ በብዙ ቦታ ደግሞ ጥቁር አፈር ነው። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በላዩ ቤት የሚሠራ ሰው አፈሩን አውጥቶ ገረጋንቲ መሙላትና መጠቅጠቅ አለበት። ምን ያህል ተቆፈረ? ምን ያህል ገረጋንቲ ገባ? መልሱ በዓይን የሚታየው ጉድጓዱ ክፍት ሆኖ በሚቆይባቸው ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ከዚያ ገረጋንቲው ይሞላል፣ ድንጋዩ ይገነባል፣ አርማታው ይፈስሳል። ጥልቀቱን ሊመሰክር የሚችለው የቀረ ነገር በዓምዱ ውስጥ ያለው ቁጥር ነው።

እንበል፣ ኢታንግ አጠገብ የትምህርት ቤት ብሎክ ይሠራል። ዋናው ተቋራጭ ጽሕፈት ቤቱ አዲስ አበባ ነው። ቁፋሮውንና የመሠረቱን ግንብ ለአንድ ንዑስ ተቋራጭ ሰጥቷል። ይህ ሰው ድርጅት ቢባልም ያለው ንግድ ፈቃድ፣ ጥቂት መሣሪያ፣ አንድ ፎርማንና በየሳምንቱ ወይም በየአሥራ አምስት ቀኑ የሚከፈላቸው የቀን ሠራተኞች ናቸው። 50 ካሬ ሜትር የሚሆነውን ቦታ ቆፈረ። ድሮዊንጉ 60 ሴንቲ ሜትር ይላል፤ እዚያ ጥልቀት ላይ ሲደርስ ግን አፈሩ ገና ጥቁር ነው። ፎርማኑ የሳይቱን መሐንዲስ ጠራው።

«ኢንጂነር፣ ይሄ እኮ ገና ነው፤ እዚህ ላይ ገረጋንቲ ብንሞላ ይሰምጣል።»

«አየሁት። በሉ ደህናው መሬት እስኪገኝ ውረዱ።»

ሰማንያ ሴንቲ ሜትር ወረዱ። ሃምሳ ካሬ በሰማንያ ሴንቲ ሜትር ሲባዛ 40 ሜትር ኩብ ነው። ባለፈው ክፍያ ቀደም ብሎ ለቆፈረው ሌላ ብሎክ 100 ሜትር ኩብ ተይዞ ነበርና እስከ ዛሬ የተሠራው 140 ሆነ። መሐንዲሱና ፎርማኑ ሜትር ይዘው ለኩ፤ ቴክ ኦፍ ሺት በሚባለው የልኬት ወረቀት ላይ ጽፈው ፈረሙ። ከዚህ በኋላ ቁጥሩ ጉዞውን ይጀምራል። በነጠላ ዋጋ ይባዛል፤ የቅድሚያ ክፍያው ድርሻ ይቀነስበታል፤ ሪቴንሽን የሚባለው የዋስትና መያዣ ይያዝበታል፤ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከልበታል፤ ዊዝሆልዲንግ የሚባለው ቅድመ ግብር ይነሣበታል። በእያንዳንዱ ጣቢያ አንድ ሰው ያየዋል፣ ይፈርምበታል ወይም ይመልሰዋል። ከጉድጓዱ እየራቀ በሄደ መጠን ቁጥሩን የሚያየው ሰው አፈሩን ያላየ ሰው ይሆናል።

ይህ ርቀት ለጋምቤላ እንግዳ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት ባሮ ዳር ከ2,000 ሜትር ያልበለጠ የወንዝ ዳርቻ ያለው፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን ተፈቅዶ ነበር። ከጎሬ ወገን የሚመጣው ቡና እዚያ ወርዶ፣ ባሮ ሲሞላ ብቻ መድረስ በሚችሉት መርከቦች ተጭኖ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ እስክትወጣ ድረስ ጣቢያው በሱዳን መንግሥት እጅ ቆየ። ቡናው የተለቀመበት ቦታ ሌላ፣ የተመዘነበት ቦታ ሌላ፣ ዋጋው የተቆረጠበት ቦታ ሌላ ነበር። ያኔ ክረምት በሩን ይከፍት ነበር፤ ወንዙ ሲሞላ መርከብ ይመጣል፣ ሒሳብም ይንቀሳቀሳል። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ሲሚንቶውና ፌሮው የሚመጣው በመኪና ነውና ክረምት በሩን ይዘጋል።

ክረምቱ የሚከብደው ከበጀት ዘመኑ መዝጊያ ጋር በመገናኘቱም ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ያልቃል። በየመሥሪያ ቤቱ የክፍያ ሰነዶች የሚግተለተሉት በሰኔ ነው፤ ያልተከፈለ ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳልና። በጋምቤላ ግን ዝናቡ ከግንቦት አካባቢ ጀምሮ ጥቅምት ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ ሰነዱ በጣም የሚፈለግበት ወር፣ ሄዶ መለካት አስቸጋሪ የሚሆንበት ወር ነው። ጭቃ የያዘው መንገድ ላይ መኪና አይሄድም፤ ቁጥሩ ግን መሄድ አለበት። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚጻፍ ቁጥር በኋላ መታረሙ አይቀርም። ማረም የሚባለው ሥራ ከሰው ስንፍና ብቻ የሚመጣ አይደለም ማለት ነው፤ ከዝናቡና ከሒሳብ መዝጊያው አለመጣጣምም ይመጣል።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ እንሂድ። በዓለም ላይ ከሚሠራባቸው የግንባታ አስተዳደር ሶፍትዌሮች አንዱ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተመሠረተው ፕሮኮር ነው። በኤፒአዩ ውስጥ የንዑስ ተቋራጩ ኢንቮይስ፣ ማለትም የክፍያ ጥያቄው፣ የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ ያ ቁጥር ተጠርቶ፣ ፈቃድ ያለው ሰው ወይም ፕሮግራም ይህን ወይም ያንን ሳጥን እንዲለውጥ ያዝዛል። ትእዛዙ ፓች ይባላል። ከእርሱ በፊት የነበረው ፑት የተባለው ትእዛዝ «ያለውን ሁሉ አንሥተህ ይህን አዲሱን በቦታው አስቀምጥ» እንደማለት ነበር። ፓች በ2010 እ.ኤ.አ. በበይነ መረብ መመዘኛ ሰነድ ቁጥር 5789 ሲደነገግ፣ «ይህችን ብቻ ለውጥ፣ ሌላውን አትንካ» ማለት ተቻለ። የኢንቮይሱ ሁኔታም በየደረጃው ይሰየማል፤ ረቂቅ ነው፣ በግምገማ ላይ ነው፣ ታርሞ ይመለስ፣ ጸድቋል፣ ከነማስታወሻው ጸድቋል፣ የባለቤቱን ይሁንታ ይጠብቃል።

እነዚህን ቃላት ለሚያውቅ የእኛ አገር መሐንዲስ ነገሩ ባዕድ አይሆንበትም። ወረቀቱም እንዲሁ ነበር የሚሄደው፤ ታርሞ ይመለስ የሚለው በቀይ እስክሪብቶ ይጻፍ ነበር፣ ከነማስታወሻው የጸደቀውም ጠርዙ ላይ ፓራፍ ይዞ ይመጣ ነበር። በጋምቤላ ሳይቶች ዛሬም ኤክሴልና ማኅተም ያለበት ወረቀት ሥራውን ይሠራሉ። የመንግሥት ግዥ ግን ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት እየገባ ነው፤ ትልልቆቹ ተቋራጮችም ሒሳባቸውን ከሳይት እስከ ዋና መሥሪያ ቤት በአንድ ሥርዓት ማያያዝ ይፈልጋሉ። ስለዚህ በወረቀቱ ውስጥ የነበረው ጥበብ ምን እንደነበር፣ ወደ አዲሱ ቤት ሲገባ የትኛው እንደሚከተለውና የትኛው ደጅ እንደሚቀር ማሰቡ ጊዜው ነው።

በመጀመሪያ ሦስተኛውን ዓምድ፣ «እስከ ዛሬ» የሚለውን እንውሰድ። የሳይቱ መሐንዲስ ከኢታንግ ሆኖ ቁጥሩን ሲልክ ኔትወርኩ መሐል ላይ ይቋረጣል። ስክሪኑ ዝም ይላል። ደረሰ ወይስ አልደረሰም? መልእክቱ መንገድ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደርሶ ሳለ መልሱ መንገድ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ከላኪው ወገን ሲታዩ ሁለቱ አይለዩም። ያለው ምርጫ እንደገና መላክ ነው። መልእክቱ «40 ጨምር» የሚል ከነበረ፣ ሁለት ጊዜ ሲደርስ 180 ይሆናል፤ ማንም ያልቆፈረው 40 ሜትር ኩብ በመዝገቡ ውስጥ ይቆፈራል። መልእክቱ «እስከ ዛሬ 140» የሚል ከነበረ ግን አሥር ጊዜ ቢደርስም 140 ነው። የኤፒአይ ባለሙያዎች ሥርዓት ሲነድፉ አጥብቀው የሚፈልጉት ይህን ጠባይ ነው፤ ሲደጋገም የማያበላሽ ትእዛዝ። ፓች ደግሞ በራሱ ይህን ዋስትና አይሰጥም፤ የሚወሰነው ውስጡ በተጻፈው ነው።

የክፍያ ሰርተፊኬቱን ዓምዶች የሠሩ የድሮ ሰዎች ኔትወርክ አያውቁም ነበር። የሚያውቁት መንገድ ላይ የሚጠፋ ፖስታ፣ ሁለት ጊዜ የሚገለበጥ ወረቀት፣ ሥራ የሚለቅ ጸሐፊ ነበር። ችግሩ አንድ ስለሆነ መፍትሔውም አንድ ሆነ። ጨምር የሚል ቁጥር ከእርሱ በፊት የተጻፈው ሁሉ በትክክል መድረሱን ያምናል። እስከ ዛሬ የሚል ቁጥር ግን በእያንዳንዱ ጊዜ ታሪኩን ከሥሩ ጀምሮ ይናገራል፤ የቀድሞው ወረቀት ቢጠፋ እንኳ የዛሬው ብቻውን ይቆማል። በሰውም ሒሳብ ቢሆን ብዙ ጠብ የሚነሣው «ጨምሬልሃለሁ» ከሚለው ንግግር ነው። «እስካሁን ይህን ያህል አለህ» የሚል ሰው ይበልጥ ይደመጣል፤ ሁሉንም በአንድ ላይ ለመቁጠር ደፍሯልና።

ሁለተኛው ነገር የሁለት እጆች ጉዳይ ነው። የሳይቱ መሐንዲስ ቁጥሩን ሲያስተካክል፣ በዚያው ሰዓት አዲስ አበባ ያለ የፋይናንስ ባለሙያ ያንኑ ኢንቮይስ ከፍቶ ሪቴንሽኑን እያረመ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ያነበቡት የጠዋቱን ነው። አንዱ አስቀመጠ፤ ሌላው ከእርሱ በኋላ ሰነዱን እንዳለ መልሶ አስቀመጠ፤ የመጀመሪያው ሥራ ሳይታወቅ ከሥር ቀረ። ለዚህም በድረ ገጽ ሥርዓት ውስጥ መላ አለ። እያንዳንዱ የሰነዱ መልክ ምልክት ይሰጠዋል፤ የሚያርመው ሰው «ይህን የምለውጠው ያየሁት መልክ እስካሁን ካለ ብቻ ነው» ብሎ ይልካል። መልኩ ተለውጦ ከሆነ ሥርዓቱ 412 በሚል ቁጥር እምቢ ይላል፤ ሄደህ አዲሱን አንብብና ተመለስ ማለቱ ነው። ይህች እምቢታ ደስ ትለኛለች። ያላየኸውን አትለውጥ የምትል ትንሽ ሕግ ናት። የሚያሳዝነው፣ የምታውቀው የስክሪኑን መልክ ብቻ መሆኗ ነው። ጉድጓዱን አየኸው ወይ ብላ አትጠይቅም።

ጉድጓዱን ወዳላየው ሰው እንመለስ። አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰነድ መርማሪ ድሮዊንጉን ያያል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ይላል። የተላከው ግን በ80 የተሰላ ነው። ተጨማሪው እንዲቆፈር የታዘዘበት የሳይት ቡክ፣ ማለትም የሳይቱ ትእዛዝ መዝገብ፣ ገጽ ከሰነዱ ጋር አልተያያዘም፤ መሐንዲሱ ያዘዘው በቃል ነው፤ በኋላ ጽፎት እንደሆነ አይታወቅም። መርማሪው እንደ ደንቡ ቁጥሩን ያርማል፤ 40 የነበረው 30 ይሆናል፣ እስከ ዛሬ የሚለውም 130። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራው ነው። ምናልባትም ሰው አይደለም፤ ከድሮዊንጉ ጋር የማይስማማን መጠን በራሱ እንዲያስተካክል የተጻፈ ፕሮግራም ነው። ፓች ተላከ፤ ሥርዓቱ 200 ብሎ መለሰ፤ በሰላም ተፈጸመ ማለት ነው። አሥር ሜትር ኩብ አፈር ከመዝገብ ወጣ። ንዑስ ተቋራጩ ለዚያ አፈር የቀን ሠራተኞቹን ከከፈለ ቆይቷል።

እዚህ ላይ ነው የማረም ሁለት መንገዶች የሚለያዩት። አንደኛው ወደ ኋላ ማረም ነው፤ የነበረውን ቁጥር አንሥቶ በቦታው ሌላ ማስቀመጥ። ሁለተኛው ወደ ፊት ማረም ነው፤ የነበረውን እንደነበረ ትቶ፣ በሚቀጥለው ሰነድ ላይ ልዩነቱን መጻፍ። የግንባታ ውል ልማድ ሁለተኛውን ይመርጣል። በትልልቅ ፕሮጀክቶች የሚታወቀው የፊዲክ ውል፣ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ቀይ መጽሐፉ፣ መሐንዲሱ የቀድሞ ሰርተፊኬት ላይ የነበረን ስሕተት በማንኛውም ተከታይ ሰርተፊኬት ላይ እንዲያርም ይፈቅድለታል። የቀደመው ወረቀት አይቀደድም። ተሳስቶ ነበር፣ መሳሳቱም በታሪክ ይቀመጣል፣ አዲሱ ወረቀት ያቃናዋል። የሒሳብ ሰዎችም ከጥንት ጀምሮ የተመዘገበ ስሕተትን በተቃራኒ ምዝገባ ያፈርሳሉ እንጂ አይፍቁም። በእኛም አገር የጨረታ ሰነድ ላይ ስርዝ ድልዝ ያለበት ዋጋ ይጣላል፤ የግድ መታረም ካለበት በአንዲት መሥመር ተሰርዞ፣ የተሰረዘው እየተነበበ፣ አጠገቡ ፓራፍ ይደረግበታል።

ረቂቅ ሌላ ነገር ነው። ገና ያልቀረበን ነገር መለዋወጥ የማንም መብት ነው፤ ሰው ሐሳቡን እስኪያጠራ ድረስ መፋቅ ይችላል። ችግሩ በረቂቅና በጸደቀው መካከል ያለው ሰፊ ሜዳ ነው። በግምገማ ላይ ያለ ኢንቮይስ ለገምጋሚው ገና ረቂቅ ነው፤ ላቀረበው ሰው ግን የፈረመበት ቃሉ ነው። ሁለቱ አንዱን ሰነድ በሁለት ስም ይጠሩታል። ጥሩ ሶፍትዌሮች ማን መቼ ምን እንደለወጠ የሚያሳይ የለውጥ ታሪክ ይይዛሉ፤ ያንን ታሪክ ከፍቶ ማየት የሚችለው ግን መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ያለው ሰው ነው። ኢታንግ ያለው ንዑስ ተቋራጭ ብዙውን ጊዜ ያ ሰው አይደለም። ለእርሱ ለውጡ የሚታወቀው ገንዘቡ ባንክ ሲገባ ነው፤ ከጠበቀው አንሶ።

ሕግ ይህን ሰው ፈጽሞ አልረሳውም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ የአስተዳደር ውሎችን በሚመለከተው ክፍል ንዑስ ውል የሚሰጥበት ሥርዓት ተቀምጧል። ፊዲክም የፕሮጀክቱ ባለቤት ራሱ መርጦ ያስገባውን ንዑስ ተቋራጭ በተመለከተ፣ መሐንዲሱ ቀጣዩን ክፍያ ከማጽደቁ በፊት ያለፈው ለዚያ ሰው ለመድረሱ ማስረጃ እንዲጠይቅ ያስችለዋል። ዋናው ተቋራጭ ራሱ መርጦ ያስገባው ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም። ከዋናው ተቋራጭ ጋር ያለው ውል ብዙ ጊዜ «ሲከፈለኝ እከፍልሃለሁ» የሚል ነው። የዋናው ውል የክፍያ ጊዜ ደግሞ ራሱ ረጅም ነው። በፊዲክ አቆጣጠር መሐንዲሱ የክፍያ ጥያቄው ከደረሰው በኋላ ሰርተፊኬት ለማውጣት 28 ቀናት፣ ባለቤቱ ለመክፈል ከዚያው ቀን ጀምሮ 56 ቀናት አላቸው። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ብር ራሱ ይለወጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ አልፏል። በሰኔ የተጻፈ ኢንቮይስ በመስከረም ሲከፈል ቁጥሩ ያው ነው፤ የሚገዛው ፌሮ ግን ያው አይደለም። ስለዚህ «ታርሞ ይመለስ» የሚለው ትእዛዝ ንዑስ ተቋራጩ ጋ ሲደርስ የጽሑፍ እርማት ብቻ አይደለም፤ ሌላ ወር፣ ሌላ የሲሚንቶ ዋጋ ነው።

ቀኑም ራሱ ይታረማል። ሳይት ላይ የቀን ሠራተኛ የሚቆጠረው በእኛ ቀን ነው፤ ሶፍትዌሩ ግን የኢንቮይሱን ዘመን የሚቀበለው በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ዓመት፣ ወርና ቀን በተርታ ተጽፈው ነው። ወሩ በእነርሱ ኦገስት 31 ተዘጋ ቢባል በእኛ ነሐሴ 25 ነው። የነሐሴ የመጨረሻዎቹ አምስት ቀናት ሥራ ከጳጉሜን ጋር ተያይዞ ወደ ሚቀጥለው ኢንቮይስ ይሻገራል። ማንም አልሰረቀም፤ ድንበሩ ብቻ ሌላ ቦታ ላይ ተሰመረ። በዓል ሊሆን ነው፤ ሠራተኛው ግን ለዕንቁጣጣሽ የሚፈልገው ያችን የነሐሴ መጨረሻ ሥራውን ነው። በወር ደሞዝ የሚኖር ሰው ጳጉሜንን ያለ ክፍያ ያሳልፋታል፤ በቀን የሚከፈለው ግን ከጳጉሜን ቀኖችም የሠራባቸውን ይቆጥራል። እነዚህ ቀናት በየትኛው ሳጥን ይግቡ የሚለው ጥያቄ ለሶፍትዌሩ ተራ ነገር ነው።

ደግሞ ቁጥሩ ሳይሳሳት ዓለም የሚለወጥበት ጊዜ አለ። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ እጅግ ብዙ ስደተኞች ወደ ጋምቤላ ተሻገሩ። በኑዌር ዞን ሌይቹዎር ላይ መጠለያ ጣቢያ ተሠራላቸው። በዚያው ዓመት ክረምት ጎርፍ ጣቢያውን አጥለቀለቀው፤ በኋላም ተዘግቶ ስደተኞቹ ወደ ሌሎች ጣቢያዎች፣ አብዛኞቹም በጋምቤላ ከተማ አጠገብ ወደ ተከፈተው ጀዊ ተዛወሩ። ይህን ሳስብ ስለ ዓምዶቹ አስባለሁ። የተተከለ ምሰሶ፣ የተቆፈረ የመጸዳጃ ጉድጓድ፣ የተነጠፈ ገረጋንቲ በውሃ ሥር ሆኗል። ማንም ሄዶ ቢለካ የሚያገኘው ዜሮ ነው። ታዲያ «እስከ ዛሬ» የሚለው ዓምድ ወደ ዜሮ ይውረድ?

አይወርድም። ዓምዱ የሚናገረው ምን ቆሟል ሳይሆን ምን ተሠርቷል ነው። የደረሰው ጥፋት በማን ላይ ይውደቅ የሚለው በውሉ የሚታይ ሌላ ጥያቄ ነው፤ በሌላ መሥመር ይጻፋል። የሰውየው ላብ የወጣበት ቀን ግን ካለፈ በኋላ ጎርፍም ሊወስደው አይችልም። መዝገብ የሚታረመው መዝገቡ ሲሳሳት ነው፤ ዓለም ስለተለወጠ ትናንት የሚታረም ከሆነ ትናንት የሚባል ነገር አይኖርም። ይህን ልዩነት ሰው በቀላሉ ይረዳዋል፤ የዛሬን መልክ ብቻ የሚያስቀምጥ ሥርዓት ግን አይረዳውም። የሳጥኑ ቁጥር ተለወጠ ሲባል፣ ከስሕተት ወደ እውነት የመጣ ይሁን ከእውነት ወደ ሌላ እውነት፣ ቁጥሩ ራሱ አይናገርም።

ስለዚህ ከቁጥሩ አጠገብ ቃል ያስፈልጋል። በእነዚህ ሶፍትዌሮች ውስጥ ማስታወሻ የሚጻፍበት ቦታ አይጠፋም፤ ኤፒአዩም ይቀበለዋል። በጥድፊያ የሚሠራ ሰውም ሆነ ፕሮግራም ግን ባዶውን ይተወዋል። ባዶው ሳጥን ስሕተት ሆኖ አይመዘገብም፤ ሥርዓቱ 200 ብሎ ያልፈዋል። እኔ ብሆን ሕጉን የምገለብጠው እዚህ ላይ ነበር። ከቀረበ በኋላ የሚለወጥ መጠን ያለ ምክንያት ከተላከ ሥርዓቱ እምቢ ይበል። ምክንያቱም በሰው ቋንቋ ይጻፍ፤ «በድሮዊንጉ መሠረት 60 ሴንቲ ሜትር ተይዟል፤ የተጨማሪ ቁፋሮ ትእዛዝ አልተያያዘም» ተብሎ። ሁለት ሐረግ ነው። ጋምቤላ ውስጥ አኙዋኛ፣ ኑዌርኛና ማጃንግኛ ቢነገሩም የክልሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ስለዚህ ጽሑፉ ቀላል ይሁን፣ ለባለ ጉዳዩም በስልኩ ይድረሰው። የሳይት ቡኩ ገጽ ከተገኘ በፎቶ ተነሥቶ ይላካል፤ አሥሩ ሜትር ኩብ በሚቀጥለው ክፍያ ወደ ፊት ታርሞ ይመለሳል። ካልተገኘም መሐንዲሱ በቃል ማዘዙን ይመስክር ወይም ይካድ።

አገራችን የሙግት አገር ናት። በላ ልበልሃ እየተባባለ፣ ዋስ ጠርቶ፣ ቆሞ ሲከራከር የኖረ ሕዝብ ነው፤ በረታና በተረታ መካከል የነበረው ክብርም ሁለቱ በአንድ ሸንጎ ፊት መቆማቸው ነበር። መርማሪው ትክክል ሊሆን ይችላል። አሥር ሜትር ኩቡ እንደ ውሉ ላይከፈል ይችላል። ምክንያቱን ያነበበ ሰው ግን ይከራከራል፤ ይረታ ይሆናል፣ ይሸነፍ ይሆናል። ያላነበበው ለመረታት እንኳ አልተጠራም።